ያረጀ ልብስ ዳግም ሲሰፋ

የአንድ ልብስ ዋጋ ሱቅ ውስጥ ከተለጠፈበት ወረቀት ይሰፋል። ልብሱ መደርደሪያ ላይ ከመውጣቱ በፊት ጥጡ ተዘርቶ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ተለቅሞ፣ ተዳምጦ፣ ተፈትሎ፣ ተሸምኖ፣ ቀለም ተነክሮ፣ ተቆርጦና ተሰፍቶ አልፏል። ደብሊው ደብሊው ኤፍ የተባለው ዓለም አቀፍ የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት በሰፊው ባስተዋወቀው ስሌት መሠረት አንድ የጥጥ ካናቴራ ለመሥራት ወደ 2,700 ሊትር ውሃ ያስፈልጋል። በቀን 3 ሊትር ለሚጠጣ ሰው ይህ የ900 ቀን ውሃ ነው። ካናቴራው ሲጣል ውሃው፣ መሬቱ፣ ነዳጁና በየፋብሪካው ያለፈበት ሰው ሁሉ ድካም አብሮ ይጣላል።

ዑደታዊ ፋሽን የሚባለው አሠራር ይህ ድካም እንዳይባክን፣ አንዴ የተሠራ ጨርቅ በተቻለ መጠን ረጅም ጊዜ አገልግሎት ላይ እንዲቆይ ማድረግ ነው። አሠራሩ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ልብሱ በባለቤቱ ገላ ላይ ይቆያል፤ ሲቀደድ ይጣፋል፤ ሲጠብ ወይም ባለቤቱ ሲተወው ለሌላ ሰው ይተላለፋል። እንደነበረ መልበስ ሲያስቸግር ስፌቱ ተፈትቶ ሌላ ልብስ ወይም ሌላ ዕቃ ይሰፋበታል። ለዚህም ሳይበቃ ሲቀር ብቻ ተፈልቅቆ ወደ ባዘቶነት ይመለሳል። ቅደም ተከተሉ ምክንያት አለው። ልብስ ወደ ባዘቶ ሲመለስ የፈታዩ፣ የሸማኔውና የሰፊው ሥራ ሁሉ ይፈርሳል፤ እንደገና ለመፍተልና ለመሸመን አዲስ ጉልበትና አዲስ ኃይል ይጠይቃል። ያረጀ ሸሚዝ ለልጅ ቀሚስ ሲውል ግን የሚፈርሰው ስፌቱ ብቻ ነው፤ ክሩም ሽመናውም ቀለሙም እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ አሮጌ ልብስን ዳግም መስፋት ከችግር የተወለደ ዘዴ ብቻ አይደለም። የጨርቁን ዋጋ ከሚያድኑ መንገዶች መካከል ከፊተኞቹ የሚመደብ ነው።

ነገሩ ዛሬ አንገብጋቢ የሆነው የልብሱ ብዛት ከመጠን በማለፉ ነው። ኤለን ማክአርተር ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው ጥናት እንደሚያሳየው ከ2000 እስከ 2015 ባሉት ዓመታት የዓለም የልብስ ምርት በእጥፍ ገደማ አድጓል። በዚያው ዘመን አንድ ልብስ ከመጣሉ በፊት የሚለበስበት ድግግሞሽ በ36 በመቶ ቀንሷል። የተመረተው በዛ፣ የተለበሰው አነሰ። ልብሱ የሚሠራበት ነገርም ተለውጧል። ቴክስታይል ኤክስቼንጅ የተባለው ድርጅት እንደመዘገበው በ2023 ዓለም ካመረተችው 124 ሚሊዮን ቶን የጨርቅ ጥሬ ዕቃ ውስጥ 57 በመቶው ፖሊስተር ነበር። ፖሊስተር የሚሠራው ከነዳጅ ዘይት ነው። አፈር ውስጥ ቢቀበር እንደ ጥጥ አይበሰብስም፤ በታጠበ ቁጥርም በዓይን የማይታዩ የፕላስቲክ ጭረቶችን ወደ ውሃ ይለቃል።

ይህ ሁሉ ከመምጣቱ በፊት ጨርቅ እንዲህ በቀላሉ አይጣልም ነበር። በኢትዮጵያ የገጠር ቤት ጥጡን የምትፈትለው የቤቱ እመቤት ነበረች፤ የሚሸምነውም የሰፈሩ ወይም የገበያው ሸማኔ። ለአንድ ጋቢ የሚበቃ ፈትል ስንት ምሽት እንደፈጀ ቤተሰቡ በዓይኑ ስላየ ጋቢው ሲሳሳ እንደ ቆሻሻ አይቆጥረውም። ያረጀ ነጠላ ሕፃን ይጠቀለልበታል፤ ከዚያ እንጀራ ይሸፈንበታል፤ በመጨረሻ እራፊው የምጣድ ማሰሻ ይሆናል። የነጠላው ጥለት ካልደበዘዘ ደግሞ በጥንቃቄ ተፈትቶ በሌላ ነጠላ ጫፍ ላይ ይሰፋል። እራፊ በእራፊ ላይ እየተደራረበ የሚሠራው ድሪቶ የድህነት ምልክት ሆኖ ኖሯል፤ ይህ ግን ለሥራው የሚገባውን ክብር መንፈግ ነው። በተደራረቡት ጨርቆች መካከል የሚታፈነው አየር ሙቀትን ስለሚይዝ ድሪቶ በደጋ ሌሊት ከአንድ ነጠላ አዲስ ጨርቅ የተሻለ ያሞቃል።

በከተማ ይህን ሥራ የያዘው ልብስ ሰፊው ነበር። በሱቅ በረንዳ ላይ ሲንጀር የስፌት መኪናውን ዘርግቶ ሱሪ ያሳጥራል፣ ቀሚስ ያሰፋል፣ ዚፕ ይቀይራል። ኮት ማስገልበጥ የሚባለው ሥራ ከሁሉም በላይ ችሎታ ይጠይቃል። የሱፍ ኮት በውጭ በኩል ፀሐይና አቧራ ቢያደበዝዘውም በገበሩ በኩል ያለው የጨርቁ ገጽ እንደ አዲስ ነው። ሰፊው ኮቱን ከነገበሩ አንድ በአንድ ፈትቶ፣ እያንዳንዱን ቁራጭ ገልብጦ፣ የውስጡን ወደ ውጭ አድርጎ መልሶ ይሰፋዋል። የተገለበጠ ኮት የሚታወቀው በደረት ኪሱ ነው፤ በግራ የነበረው ኪስ ወደ ቀኝ ይዞራል። የሸሚዝ ኮሌታም አንገት ላይ ሲሳሳ ተነቅሎ ተገልብጦ ይሰፋል፤ ይህ የአንድ ሰዓት ሥራ እንኳ የማይሞላ ጥገና ሸሚዙን ሌላ ዕድሜ ይሰጠዋል።

ለባለቤቱ የማይሆነው ልብስ ከቤት የሚወጣበትም መንገድ አለው። ልዋጭ እያለ በየሰፈሩ የሚዞረው ነጋዴ አሮጌ ልብስና ጫማ ወስዶ የፕላስቲክ ሳህን ወይም ባልዲ ይሰጣል። የሰበሰበውን የሚረከቡ ነጋዴዎች መልሰው ይሸጡታል፤ ልብሱ ታጥቦና ተጠግኖ ሌላ ለባሽ ያገኛል። መርካቶ ውስጥ ምናለሽ ተራ በዚህ ዓይነት ሥራ የሚታወቅ ነው፤ በዚያ ሌላው ሰው ያበቃለት ያለው ዕቃ አዲስ መልክ ይይዛል። ከአሮጌ የመኪና ጎማ ተቆርጦ የሚሠራው በረባሶም ከዚሁ ልማድ የመጣ ነው። ቤተልሔም ጥላሁን እ.ኤ.አ. በ2004 በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር ያቋቋመችው ሶልሬብልስ የጫማውን ሶል ከአሮጌ ጎማ እየሠራ ወደ ውጭ አገር ገበያ ገብቷል። እናቶችና አባቶች በእግራቸው ያደረጉት ነገር በሌላ አገር መደብር ውስጥ በክብር ዋጋ የሚሸጥ መሆኑን ያሳየ ሥራ ነው።

ጃፓን ውስጥ ይህ ጥበብ ገና ከልብሱ አቆራረጥ ይጀምራል። ባህላዊው ኪሞኖ የሚሰፋው ስፋቱ 36 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ርዝመቱ ወደ 12 ሜትር ከሆነ አንድ ጥቅል ጨርቅ ነው። ጨርቁ በቀጥታ መስመር ብቻ ስለሚቆረጥ የሚጣል ቁርጥራጭ አይተርፍም። ልብሱ ሲቆሽሽ ስፌቱ ተፈትቶ ቁራጮቹ ለየብቻ ይታጠባሉ፤ ተወጥረው ደርቀው መልሰው ይሰፋሉ። በዚያውም የሳሳው ቁራጭ ወደማይታይ ቦታ ይዛወራል። በሰሜናዊው የአገሪቱ ክፍል ደግሞ ብርዱ ጥጥ ስለማያበቅል ገበሬዎች ከደቡብ የሚመጣውን አሮጌ የጥጥ ጨርቅ እየገዙ በላዩ ላይ ሌላ እራፊ ይደርቡ፣ በተከታታይ ትናንሽ ስፌት ያጠነክሩት ነበር። ቦሮ የሚባሉት እነዚህ ልብሶች ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፉ ኖረው ዛሬ በሙዚየም ይታያሉ።

የበለጸገ አገርም ሲጨንቀው ወደዚሁ ይመለሳል። ብሪታኒያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 1 ቀን 1941 ጀምሮ፣ ጦርነቱ ካበቃ በኋላም እስከ 1949 ድረስ ልብስ በኩፖን ትሸጥ ነበር። መንግሥት በ1943 መጣፍን፣ ሹራብ ተርትሮ መልሶ መሥራትን፣ የወንድ ልብስ ለሴትና ለልጅ ማስተካከልን የሚያስተምር አነስተኛ መጽሐፍ አሳተመ። ይህን ያስተማረው የአንድ አገር የንግድ ሚኒስቴር መሆኑ ልብስ መጠገን የቤት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ያስረዳል።

ዳግም መስፋት የሚጀምረው ጨርቁን በማወቅ ነው። ልብሱ በደንብ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ወደ ብርሃን ይያዛል፤ ብርሃን የሚያሳልፈው ሥፍራ የሳሳ ነው። ልብስ በሁሉም ቦታ እኩል አያረጅም። ሸሚዝ የሚያልቀው በኮሌታው፣ በክርኑና በእጅጌው ጫፍ ነው፤ ሱሪ በጉልበቱና በመቀመጫው፤ አንሶላ በመሀሉ። የሸሚዝ ጀርባ፣ የሱሪ የኋላ ባትና የአንሶላ ዳርና ዳር ብዙ ጊዜ እንደ አዲስ ናቸው። ብልህ ሰፊ ሥራውን ከእነዚህ ቦታዎች ይጀምራል።

ቀጥሎ ጨርቁ ከምን እንደተሠራ መለየት ያስፈልጋል። የልብሱ ጽሑፍ ተቀዶ ከጠፋ ከስፌቱ ውስጥ ጥቂት ክር ተመዝዞ በወረንጦ ተይዞ፣ በውሃ በተሞላ ሳህን አናት ላይ በእሳት ይፈተናል። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ ፈጥኖ ይነዳል፣ ለስላሳ ግራጫ አመድ ይተዋል። ሱፍ እንደተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ ከእሳቱ ሲርቅ ብዙውን ጊዜ ራሱ ይጠፋል፣ በጣት የሚደቅ ጥቁር ቅሪት ይተዋል። ፖሊስተር ይቀልጣል፤ ሲበርድ ጠንካራ እንክብል ይሆናል። የቀለጠው ቆዳ ላይ ተጣብቆ ስለሚያቃጥል ፈተናውን ለልጆች መተው አይገባም። ይህን ማወቅ ጥቅሙ ብዙ ነው። ጥጥ በቤት ውስጥ ቀለም ይቀበላል፤ ፖሊስተር ግን በተለመደው የጥጥ ቀለም አይነከርም። ጥጥ ውሃ ስለሚመጥ ለፎጣና ለሕፃን ጨርቅ ይሆናል፤ ፖሊስተር ቶሎ ስለሚደርቅ ለቦርሳና ለገበር ይሻላል። በውሃ የሚኮማተር ጨርቅ ከማይኮማተር ጋር ከተሰፋ ደግሞ መጀመሪያ ሲታጠብ ልብሱ ይጠማዘዛል።

መፍታቱ ትዕግሥት ይፈልጋል። ስፌቱ በምላጭ ወይም በመተርተሪያ እየተቆረጠ ይለቀቃል እንጂ ጨርቁ አይጎተትም። ቁልፍ፣ ዚፕ፣ ማንጠልጠያና ላስቲክ ተለይተው ይቀመጣሉ። የተፈታው ጨርቅ ከተተኮሰ በኋላ ድሩ ወዴት እንደሚሄድ ይታያል፤ አዲሱ ልብስ ሲቆረጥ የድሩ አቅጣጫ ካልተጠበቀ ልብሱ ገላ ላይ ይዞራል። ከወንድ ሸሚዝ የልጅ ቀሚስ ሲሰፋ የፊት ለፊቱ ቁልፍና የቁልፍ ቀዳዳ ሳይነካ ወደ ጀርባ ቢዞር ከሥራው አስቸጋሪው ክፍል አስቀድሞ ያለቀ ነው። ከጂንስ ሱሪ የገበያ ቦርሳ፣ ሽርጥና የወንበር ሽፋን ይወጣል፤ ኪሶቹ ከነስፌታቸው ተቆርጠው እንዳሉ ይለጠፋሉ። መሀሉ የሳሳ አንሶላ ለሁለት ተቀዶ ዳሩና ዳሩ ወደ መሀል ቢሰፋ ሌላ ብዙ ዓመት ያገለግላል። ሹራብ ከጫፉ ተተርትሮ፣ ክሩ ታጥቦና ተወጥሮ ከደረቀ በኋላ በሌላ ልክ ይሠራል። ምንም የማይወጣው ቁርጥራጭ ለትራስና ለፍራሽ መሙያ ይሆናል። በፋብሪካም እንዲሁ ነው፤ ልብስ ሲቆረጥ ከጨርቁ ውስጥ 15 በመቶ ገደማው ቁርጥራጭ ሆኖ እንደሚወድቅ በዘርፉ ይገመታል። ሳይለበስ የሚጣለው ይህ ጨርቅ ለትናንሽ የስፌት ሥራዎች ንጹሕ ጥሬ ዕቃ ነው።

ጨርቅን ፈልቅቆ ወደ ባዘቶ የመመለሱ ሥራም የቆየ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1813 በእንግሊዝ ዮርክሻየር፣ ባትሊ በተባለች ከተማ ቤንጃሚን ሎው አሮጌ ሱፍ ፈልቅቆ ከአዲስ ሱፍ ጋር በመፍተል አዲስ ጨርቅ መሥራት ጀመረ። ከጥቂት አሥርት ዓመታት በኋላ ጣሊያን ውስጥ በፍሎረንስ አጠገብ የምትገኘው ፕራቶ ይህን ሥራ ይዛ እስከ ዛሬ ትኖርበታለች። የፕራቶ ለቃሚዎች አሮጌውን ሱፍ በጣታቸው ዳስሰው ዓይነቱን ይለያሉ፤ ከዚያ በቀለም በቀለሙ ይከምሩታል። ቀይ ከቀይ፣ ሰማያዊ ከሰማያዊ ጋር ስለሚፈለቀቅ አዲሱ ክር እንደገና መነከር አያስፈልገውም። የማቅለሚያ ውሃና ኬሚካል የሚድነው በዚህ ዘዴ ነው።

የፕራቶ ሥራ የተሳካው ጨርቁ ሱፍ ስለሆነ ነው፤ የሱፍ ጭረት ረጅም ስለሆነ ተፈልቅቆም መልሶ ይፈተላል። የጥጥ ጭረት ሲፈለቀቅ ያጥራል፤ ጥንካሬ እንዲያገኝ አዲስ ጥጥ ይቀላቀልበታል። ጥጥና ፖሊስተር አብረው ከተፈተሉ ደግሞ መለየቱ ውድ የኬሚካል ሥራ ነው፤ ትንሽ ላስቲክ ክር የገባበት ጂንስም ማሽኑን ያስቸግራል። በዚህ ምክንያት ለልብስ መሥሪያ ከዋለው ጥሬ ዕቃ መልሶ አዲስ ልብስ የሚሆነው ከ1 በመቶ በታች መሆኑን ያው የ2017 ጥናት ገልጿል። ከፕላስቲክ ጠርሙስ የተሠራ ልብስም ብዙ ጊዜ እንደ ዑደታዊ ፋሽን ይሸጣል። ጠርሙስ ግን ተመልሶ ጠርሙስ መሆን ይችል ነበር፤ አንዴ ልብስ ከሆነ በኋላ የመመለሻው መንገድ ይጠብበታል።

ታዲያ የሚጣለው ልብስ የት ይሄዳል? ብዙው በተጣለበት አገር ይቀበራል ወይም ይቃጠላል፤ ከፊሉ በመርከብ ወደ ድሃ አገሮች ይጫናል። በጋና ዋና ከተማ አክራ የሚገኘው የካንታማንቶ ገበያ የዚህ ንግድ ትልቅ ማዕከል ነው። በገበያው የሚሠራው ዘ ኦር ፋውንዴሽን እንደሚገምተው በየሳምንቱ ወደ 15 ሚሊዮን የሚጠጋ ልብስ ይገባበታል። ካያዬ የሚባሉ፣ አብዛኞቹ ከአገሪቱ ሰሜን የመጡ ወጣት ሴቶች 55 ኪሎ ገደማ የሚመዝነውን እስር በአናታቸው ተሸክመው በጠባቡ መተላለፊያ ያመላልሳሉ። ነጋዴው እስሩን ሳይፈታ ይገዛል፤ ውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቀው ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ ነው። ያገኘው ልብስ የቆሸሸ ወይም የተቀደደ ከሆነ ዕዳው የእርሱ ነው።

ካንታማንቶ ግን መጣያ ብቻ አይደለም፤ በዓለም ካሉት ታላላቅ የልብስ ጥገና ማዕከላት አንዱ ነው። አጣቢው፣ ቀለም ነካሪው፣ ተኳሹና ሰፊው ጎን ለጎን ተቀምጠው ይሠራሉ፤ ሰፊው የማይሸጠውን ሱሪ ቁምጣ ያደርገዋል፣ ልኩ የበዛውን ሸሚዝ ያጠብበዋል። ችሎታቸው የማያሸንፈው ጥራት የሌለው ልብስ ግን ወደ ቦይና ወደ ባሕር ዳርቻ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 መጀመሪያ የተነሣው እሳት የገበያውን ሰፊ ክፍል ቢያወድመውም ነጋዴዎቹ ወዲያው መልሰው መገንባት ጀመሩ።

የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ይህን ንግድ ለማስቆም ሞክረዋል። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2016 በአሮጌ ልብስ ላይ የምትጥለውን ቀረጥ በኪሎ ከ0.20 ዶላር ወደ 2.50 ዶላር ከፍ አደረገች። አሜሪካ በምላሹ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2018 የሩዋንዳ ልብስ ከቀረጥ ነፃ እንዳይገባ አገደች። በኢትዮጵያ ልባሽ ጨርቅ ለንግድ ማስገባት የተከለከለ ነው፤ ሆኖም ሳልቫጅ የሚባለው ይህ ልባሽ በኮንትሮባንድ እየገባ በየከተማው ይሸጣል። ገዢው የሚፈልገው ዋጋው ስለሚረክስና ከአዲሱ ርካሽ ልብስ ብዙ ጊዜ ስለሚጠነክር ነው፤ ለጥገና ሰፊው ግን የሥራ ምንጭ፣ ለሸማኔና ለልብስ ፋብሪካ ተፎካካሪ ይሆናል። ክልከላ ብቻውን ገበያውን እንደማይዘጋው ልምዱ አሳይቷል።

ዳግም መስፋት ራሱ ገደብ አለው። እያንዳንዱ አሮጌ ልብስ በልኩም በጉዳቱም የተለየ ስለሆነ እንደ ፋብሪካ በአንድ ጊዜ መቶ ቁራጭ መቁረጥ አይቻልም፤ ጊዜው የሚበላው መፍታቱና መምረጡ ነው። የእጅ ዋጋ በተወደደበት አገር የጥገናው ሒሳብ ከአዲሱ ልብስ ይበልጣል። ፈረንሳይ ለዚህ መፍትሔ አምጥታለች። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ልብስ አምራቾችና አስመጪዎች ለሚሸጡት ልብስ መጨረሻ የሚውል ክፍያ ያዋጣሉ፤ በ2020 የወጣው ሕግ ያልተሸጠ አዲስ ልብስ ማቃጠልን ከለከለ፤ በ2023 ደግሞ ልብሱን ወይም ጫማውን ለሚያስጠግን ሰው ከሒሳቡ ላይ ቅናሽ መስጠት ተጀመረ። በአውሮፓ ኅብረት አባል አገሮችም ከጥር 2025 ጀምሮ አሮጌ ጨርቅ ከሌላው ቆሻሻ ተለይቶ መሰብሰብ አለበት።

እነዚህ ሕጎች መልካም ናቸው፤ የለባሹም ድርሻ ትንሽ አይደለም። አንድ ልብስ የሚለበስበት ድግግሞሽ በአማካይ በእጥፍ ቢጨምር ከልብስ ምርት የሚወጣው የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀት በ44 በመቶ እንደሚቀንስ ኤለን ማክአርተር ፋውንዴሽን አስልቷል። ለዚህ አዲስ ማሽን መጠበቅ አያስፈልግም፤ መርፌ፣ ክርና በየሰፈሩ ያለው ልብስ ሰፊ ይበቃሉ። ትልቁ ጉድለት ሌላ ቦታ ነው። አምራቹ ለልብሱ መጨረሻ ብሎ የከፈለው ገንዘብ በአብዛኛው በዚያው በበለጸገው አገር ይቀራል፤ ልብሱ ግን ባሕር ተሻግሮ ይሄዳል። በአክራ ቀሚሱን የምትፈታው፣ የምታጥበውና የምትሰፋው ሴት ከዚያ ክፍያ ድርሻዋን እስካላገኘች ድረስ ዑደታዊ ፋሽን ተሟልቷል ማለት አይቻልም።